ሳኦ ፓውሎ ሹሃስካሪያ ለምትገባው ወንድሜ

«ለሥራ ሳኦ ፓውሎ ልሄድ ነው፤ ሹሃስካሪያ የሚሉት ሥጋ ቤት ያዋጣል ወይስ ይሸውዳሉ?» ብለህ ጠይቀሃል። ያዋጣል። ሳታውቅ ከገባህ ግን ኪስህን ያራግፉልሃል። እኔ ብራስ ሰፈር ልብስ ለማምጣት ስመላለስ ብዙ ቤት ቀምሻለሁ።

1. መጀመሪያ በሚመጣው አትጥገብ። አስተናጋጆቹ ሥጋውን በረጅም ብረት እንደሰኩ ይዞራሉ፤ ዋጋው አንድ ነው፣ የቻልከውን ትበላለህ። ቶሎ ቶሎ የሚያመጡልህ ቋሊማና የዶሮ ልብ ነው። ቋሊማው ብዙ ጊዜ አሳማ ስለሆነ የማትበላ ከሆነ «ፖርኮ?» ብለህ ጠይቅ። አንተ ፒካኛን ጠብቅ። ከዳሌ የሚወጣ ነው፤ ጮማው ከዳር እንደተለጠፈ፣ በደረቅ ጨው ብቻ ይጠበሳል። ሲቆርጥልህ ጫፉን በመቆንጠጫዋ ያዝለት። ለብለብ ከፈለግክ «ማል ፓሳዳ» በል። ሲበቃህ ጠረጴዛህ ላይ ያለችውን ባለ ሁለት ቀለም ክብ ካርቶን ከአረንጓዴው (አምጡ) ወደ ቀዩ (በቃኝ) ገልብጣት፤ አለዚያ አይለቁህም።

2. ሂሳብ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። መጠጥና ጣፋጭ ለብቻው ይታሰባል፣ እሱስ ይሁን። አንድ ቤት ግን (ስሙ ይቅር) ገና እንደተቀመጥን ሳናዝ አይብና ወይራ የሞላ ሳህን አስቀመጡልን። አልነካነውም። ቢሉ ሲመጣ ተጽፎ አገኘነው! ሥራ አስኪያጁ መጣና ከላይ እስከ ታች ገላምጦኝ «ጠረጴዛ ላይ የቀረበ ይከፈላል» አለኝ። አብሮኝ የነበረው ልጅ ከፍለን እንውጣ ይለኛል። ሞቼ ነው! እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሸማቾች ሕጋቸው፣ አንቀጽ 39፣ ሳይታዘዝ የቀረበን ነገር እንደ ነጻ ናሙና ነው የሚቆጥረው። ስልኬ ላይ አውጥቼ አሳየሁት። «ፕሮኮን እሄዳለሁ» ስለው፣ የሸማቾች መሥሪያ ቤታቸው ነው፣ ድምፁ ቀነሰ። ሰረዘው። 10 በመቶ የአገልግሎት የሚሉትም በፈቃድህ ነው። ያን ቀን አስወጣሁትና ለአስተናጋጁ በእጁ ሰጠሁት፤ እሱ ምን አጠፋ?

3. ምን ልልህ ነበር… አዎ፣ ኩፒም! ሻኛ ነው ወንድሜ። የብራዚል ከብት አብዛኛው እንደኛው ባለ ሻኛ ነው፤ ኔሎር የሚሉት ዘሩ ከህንድ የመጣ ነው። እኛ በጥሬው በሚጥሚጣ የምንለውን እነሱ ለሰዓታት አብስለው ቅቤ ያስመስሉታል። ሲዞር ካላየኸው ጠርተህ አስመጣ፤ ዝም ካልክ ዶሮ ሲያመላልሱብህ ያመሻሉ። ረቡዕ ወይ አርብ ከጋበዙህ ደግሞ ከአሁኑ ቀኑን አስቀይር።