ጠዋት የሚነዝረው የወፍጮ ሞተር

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ክረምት ከገባ ወዲህ ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ አካሉን የነካ ሰው ይነዝረዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ይተወዋል። ልጁ የፕላስቲክ ቦቲ አድርጎ እየሠራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይስተካከል ይሆን?»

ከልጁ ልጀምር። እባክዎ ሞተሩን ዛሬውኑ ያቁሙት። ቦቲው አንድ ቀን ውስጡ ይረጥባል፤ ያን ቀን የሰው ነፍስ ይጠፋል። ንዝረቱ ሰው ላይ የደረሰው ኧርዙ (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ከሞተሩ አካል ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ስለተቋረጠ ወይም ጭራሽ ስላልታሰረ ነው። ከሁሉ በፊት እሱ ይሠራ።

ሰውን የሚያታልለው ሲሞቅ መተዉ ነው። ሌሊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እዚያ ደግሞ የተጠራቀመ ዱቄት አለ። ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ኮይሉ፣ ማለትም ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲግል ይደርቃል፣ ንዝረቱም ይጠፋል። ግን በየቀኑ ሲረጥብና ሲደርቅ ኤሌክትሪክ እንዳይወጣ ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የሚያፈተልከው ጥቂት ከረንት መንገዱን እያቃጠለ ከሰል ያደርገዋል። ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ፀሐይ ቢወጣም አይለቅም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሞተር ፈትቼ የደረቀውን ቅርፊት በጥፍሬ ሳነሳው፣ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከኮይሉ እስከ ብረቱ ወርዶ አየሁ። ያንን ሞተር ማድረቅ አላዳነውም፤ ኮይሉ ወጥቶ እንደ አዲስ ተጠቀለለ።

ስለዚህ ባለሙያ ይጥሩና ጠዋት፣ ሳይነሳ፣ በሜገር ያስለኩት፤ ሜገር በከፍተኛ ቮልት የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሜጋ ኦም የሚለካ መሣሪያ ነው። መልቲሜትር እዚህ ላይ አይበቃም፤ የባትሪው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ የታመመውን ሞተር ደህና ነው ይልዎታል። መስመሩ ከሞተሩ ይፈታ፤ ከዚያ በ500 ቮልት በኮይሉና በአካሉ መካከል ለ1 ደቂቃ ይለካ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ፈጽሞ አይነሳ። እኔ 5 ካልሞላ አላስረክብም።

ችግሩ እርጥበት ብቻ ከሆነ ይድናል። ሮተሩ (መሃል ላይ የሚሽከረከረው ክፍል) ይውጣ፣ ዱቄቱ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ከዚያ ባለ 200 ዋት የድሮ አምፖል ኮይሉን ሳይነካ መሃሉ ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ቀንና ሌሊት ይብራ። ኤልኢዲ አይሆንም፣ ሙቀቱ አይበቃም። መሞቅ ሲጀምር የሜገሩ ንባብ ይወርዳል። አይደንግጡ፤ እርጥበቱ እየወጣ ሲሄድ መልሶ ይጨምራል። ቀዝቅዞ ተለክቶ ደህና ከሆነ ቫርኒሽ ይቀባ።

ሲገጠም ደግሞ ከሥሩ ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ይዩልኝ። ወፍጮ ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ በዱቄት ተደፍነው ነው የማገኛቸው።