የመስታወት ድልድይ ላይ ብወጣ ግፊቴ ይነሳብኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 61 ዓመቴ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ነው የምኖረው። በሚቀጥለው ወር ላስ ቬጋስ ልጄ ጋ እሄዳለሁ፤ ግራንድ ካንየን የሚባለው ትልቅ ገደል ላይ ያለውን የመስታወት ድልድይ ካላሳየሁሽ ብላለች። ግፊት አለብኝ። እህቴ አምና ግፊቷ ድንገት ተነስቶባት ወድቃ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። እኔም ፎቅ ላይ ሆኜ ወደ ታች ካየሁ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ያዞረኛል። ቦታው ከፍታ ስለሆነ አየር ያጥራልም አሉኝ። ኪኒኔን የምውጠው ማጅራቴን ሲይዘኝ ነው፤ አሁን ደህና ስለሆንኩ ከተውኩት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት የግፊት ኪኒኔን፣ አምሎዲፒኑን፣ ሁለት ብውጥስ? ጎረቤቴም የሚያረጋጋ ብላ ዲያዜፓም ሰጥታኛለች።

መልስ፦ እናቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ድልድዩ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን የእህትዎ ነገር ይመስለኛል። እንደ እሷ ልጄ ፊት ብወድቅስ ብለው ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የእህትዎን ካርድ አላየሁም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ የዚያን ቀን የተነሳ አይደለም። ዓመታት ከፍ ብሎ ቆይቶ፣ ሰውየው ደህና ነኝ እያለ፣ የአንጎልን የደም ሥር ቀስ በቀስ ሲጎዳ የኖረ ነው። ለዚህ ነው «ማጅራቴን ሲይዘኝ» የሚለው ቃልዎ ከድልድዩ ይልቅ ያስደነገጠኝ።

ይህን በየቀኑ እሰማለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ያናድደኛል። ማጅራት የግፊት መለኪያ አይደለም! ማጅራት በትራስ ይያዛል፣ ጎንበስ ብሎ በመዋል ይያዛል፣ በሐሳብም ይያዛል። ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳይ ነው ከፍ የሚለው። በቅርቡ አንድ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ለጤና ምርመራ መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ እየተጨዋወተ ነበር፤ ስለካው 200 በ120 ሆነ። አላመንኩም፣ አስቀምጬ ቆይቼ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። «ምንም አያመኝም እኮ» አለኝ። አዎ፣ አያመውም። ሲያም ብቻ እውጣለሁ የሚል ሰው ታዲያ መቼ ሊውጥ ነው? ነጭ ሽንኩርትም ሽፈራውም ኪኒኑን አይተኩም። ሲለካ ግፊቱ ልክ ከሆነም ኪኒኑ ስለሠራ ነው እንጂ ስለዳኑ አይደለም፤ ሐኪምዎ ሳይልዎ አይተውት።

ሁለት አምሎዲፒን ያሉትን ይርሱት። ይህ መድኃኒት ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከሳምንት በላይ ይፈልጋል። ጠዋት ደርበው ቢውጡት ለእግር እብጠትና ለማዞር ነው የሚተርፍዎት። ዲያዜፓሙን ለጎረቤትዎ ይመልሱላቸው። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሚዛን ያስታል፤ በእርስዎ ዕድሜ ሰው የሚወድቀው በእንዲህ ያለው ኪኒን ነው።

አሁን ስለ ድልድዩ። በ2007 እንደ ፈረንጆቹ የተከፈተ፣ ሁዋላፓይ የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ንብረት የሆነ፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ከገደሉ ጫፍ 21 ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ድልድይ ነው። የኮሎራዶ ወንዝ ከድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈሰው። ያስፈራል፤ ማንንም ያስፈራል። አየር ያጥራል ያሉዎት ግን ተሳስተዋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር አካባቢ ነው። እርስዎ ያሉት ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ሥር ነው! በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎት።

ጉልበትዎ የሚከዳዎትም የግፊት አይደለም። ቆመን ስንውል ዓይናችን አጠገባችን ያለውን ግድግዳ፣ ዛፍ፣ ወንበር እያየ ነው ሚዛናችንን የሚጠብቀው። ከእግርዎ ሥር ባዶ ሲሆን ዓይን የሚይዘው ያጣል፣ ሰውነት ይወዛወዛል፣ ልብ ይመታል። በዚያ ሰዓት ግፊትም ከፍ ይላል፤ ግን ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ፍርሃቱ ሲያልፍ ይወርዳል። ከፍታ ፈርቶ ራሱን የሚስት ሰው ብዙም የለም። ከወጡ መደገፊያውን ይያዙ፣ ፊት ለፊት ያለውን ገደል ይዩ እንጂ ወደ እግርዎ አይዩ፣ ትንፋሽዎን በረዥሙ ያስወጡ። ካልተመቸዎት ይመለሱ። ልጅዎም «ነይ እንጂ እማ» ብላ እንዳትጎትትዎት ከአሁኑ ይንገሯት። የእነሱ በጋ (የእኛ ክረምት) ከሆነ በረሃው ይጠብሳል፤ ውኃ ይጠጡ፣ በባዶ ሆድ አይሂዱ።

ነገ ጠዋት ግን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከቡና በፊት፣ አምስት ደቂቃ አረፍ ብለው፣ ጀርባዎን ተደግፈው ይለኩ። ሦስት ሳምንት ማቋረጥዎን ሳይደብቁ ይንገሯቸው። 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድልድዩም ጉዞውም እስኪስተካከል ይቆይ። ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን የሚጨንቅዎት ከሆነ እሱንም ያስመርምሩ። ኪኒኑን የሚበቃዎትን ያህል ይዘው፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዎ ይጓዙ፤ እዚያ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡልዎትም።