ከጭራ፣ ከቃጫና ከአንጀት የሚሠራ የመንጠቆ ክር፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ መሰንቆና በገና መጠገን ነው፤ ፒያሳ አካባቢ። ሲመቸኝ ዝዋይ ወይ ቢሾፍቱ ወርጄ ዓሣ አጠምዳለሁ። ክሩን የምሠራው ራሴ ነኝ። የገባኝን እመልሳለሁ፣ ጠይቁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። እርጥብ ክር ተጠቅልሎ አይቀመጥም። ክር እጅ ላይ አይጠመጠምም።

አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ናይለን በየሱቁ ሞልቶ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?

መልስ፦ ደስ ስለሚለኝ። ናይለን እኮ የትናንት ልጅ ነው። ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ በሐር፣ በጥጥ፣ በተልባ አገዳ ጭረት፣ በፈረስ ጭራና በአንጀት ነበር የሚያጠምደው። ደግሞ ተበጥሶ ሐይቅ ውስጥ የቀረ ናይለን አይበሰብስም፣ የወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል። ናይለን የሚወድ ግን በናይለኑ ይቀጥል፣ ከልካይ የለውም።

ሰንጋ ተራ፦ የትኛው ነው ጠንካራ?

መልስ፦ ለምኑ? ለቆሮሶ ነው ለአምባዛ? በዘንግ ነው በእጅ? አሟልተህ ጠይቅ።

ካዛንቺስ፦ የፈረስ ጭራ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ነው የሚገመደው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ ባለፈረሱን አስፈቅድ፣ ጭራውን በመቀስ ቁረጥ እንጂ አትንቀል፣ ከፈረሱ ኋላም አትቁም። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው። ቅባቱ ካልወጣ እየተንሸራተተ አይከርልህም።

ከዚያ መስኮት አጠገብ ቁጭ በልና አንድ በአንድ ለይ። እያንዳንዷን ጭራ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል ቀስ ብለህ ሳባት። መሃል ላይ ቀጠን ያለች፣ ወይም ጣትህን ቧጨር የምታደርግ ትጣል። አታዝንላት። የክሩ ጉልበት የሚለካው በደካማው ቦታ ነው።

ስድስት ጥሩ ጭራ ያዝ። ጭራ ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ነው። ስለዚህ ሦስቱን በሥራቸው፣ ሦስቱን በጫፋቸው አዙረህ አጋጥማቸው። ይህን የዘለለ ሰው ክሩ በአንድ በኩል ይሳሳበትና «ጭራ ደካማ ነው» ብሎ ያስወራል። ጫፋቸውን ቋጥረህ ምስማር ላይ ስቀል፣ አርሳቸው፣ ለሁለት ክፈል። ሁለቱንም ወደ ቀኝ አክርር። የከረሩትን ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ወደ ግራ ግመድ። ወደ ቀኝ የከረረው ልፈታ ሲል በግራ የተገመደው ይይዘዋል፤ ስትለቀው የማይፈታው ለዚህ ነው።

የአንድ ጅራት ጭራ ረጅም መንገድ አይሄድም፣ ቁራጭ በቁራጭ ሠርተህ ትቀጥላለህ። በዘንጉ በኩል 12 ጭራ፣ ቀጥሎ 9፣ ቀጥሎ 6፣ መንጠቆው ጋ 3። ዘጠኙንና ሦስቱን ለሦስት ክፈላቸው። ዓሣው ከአቅምህ በላይ ከሆነ መንጠቆው አጠገብ ይበጠሳል፣ ሌላው ክር ይተርፍልሃል። ጭራ ደግሞ ሲሳብ ትንሽ ይለጠጣል፤ ዓሣው ድንገት ሲወራጭ ንዝረቱን የሚውጥልህ እሱ ነው። ሲያልቅ ከጫፉ ትንሽ ክብደት አንጠልጥልበትና ተወጥሮ ይድረቅ። እርጥቡን ጠቅልለህ ኪስህ ከትተህ እንዳትሄድ።

ጃንሜዳ፦ የባዝራ ጭራ አይሆንም፣ ሽንት ይነካዋል። ወንድ ፈረስ ነው የሚፈለገው፣ እሱም ነጭ።

እሪ በከንቱ፦ ተረት ተረት!

ጃንሜዳ፦ ፈረስ ቤት ያደግኩት እኔ ነኝ አንተ?

እሪ በከንቱ፦ አንተ አደግክ እንጂ ጭራው ምን አገባው?

መልስ፦ ተው ልጆች። የቫዮሊን ቀስት የሚሠሩ ፈረንጆችም ጃንሜዳ ያለውን ይላሉ። እኔ ግን የምለየው በጣቴ ነው፤ ጥሩ የባዝራ ጭራ አጋጥሞኛል። ነጩን የምወደው ውሃ ውስጥ ብዙም ስለማይታይ ነው።

መርካቶ፦ ጋሼ፣ ቃጫ ከእኛ ሰፈር ሞልቷል። የእንሰቱን ልያዝ ወይስ የሲሳሉን?

መልስ፦ የእንሰቱን ያዢ እህቴ። ሲሳል ይደርቃል፣ እጅ ይቧጭራል። እንሰት ከአባካ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አባካ ማለት ፊሊፒንሶች የመርከብ ገመድ የሚሠሩበት ተክል ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱን አትጠራጠሪ። ጥንካሬው ሳይሆን ውፍረቱ ነው የሚያስቸግረው፤ ለቆሮሶ ይከብዳል፣ ለአምባዛ የእጅ ክር ግን ልክ ነው። አበጥሪና ቀጫጭኑን ለይ። ጭንሽ ላይ እያሸሽ አክርሪ፣ እንደ ጭራው በተቃራኒው ግመጂ። አዲስ ጭረት ስትጨምሪ ሁለቱንም ጎን አንድ ቦታ ላይ እንዳትቀጥዪ። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ስንዝር ራቅ አድርጊ። መጨረሻ ላይ የንብ ሰም ቀቢው። አምባዛ ሲጎትት ደግሞ ክሩን እጅሽ ላይ እንዳትጠመጥሚ፣ ጣት ይቆርጣል። እንጨት ላይ ጠምጥሚው።

አራት ኪሎ፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነዋ!

መልስ፦ ያበረው ድር እኩል የከረረው ነው። አንዱ ላልቶ ሌላው ከተወጠረ፣ የተወጠረው ብቻውን ይሸከምና ይበጠሳል። ከዚያ ተራው የሌላው ነው።

ሜክሲኮ፦ ስንት ኪሎ ይይዛል?

መልስ፦ የቱ? ጭራው? ቃጫው? የማን እጅ የገመደው? ሃይላንድ ውሃ ሙላና አንጠልጥልበት። ባለ 2 ሊትሩ 2 ኪሎ ነው። ክሩን መጀመሪያ ንከረው። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፣ ጭራና ሐር ግን ሲርሱ ይደክማሉ። በደረቁ የፈተነ ሰው ሐይቁ ላይ ነው ጉዱን የሚያየው።

ስታዲየም፦ እናቴ የፈተለችው ማግ ቤት አለ። እሱስ?

መልስ፦ ማግ ልል ነው። እንደገና አክርረህ ድርብ አድርገህ ከገመድከው ለትንንሽ ቆሮሶ ይሆናል። እናትህን ግን አስፈቅድ፣ ነጠላ ሊወጣው ይችላል። ጥጥ ቶሎ ይሻግታል፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጥላ ላይ ዘርግተህ አድርቀው። በግራር ልጣጭ ብትቀቅለው ይቆይልሃል፣ ቆዳ የሚያለፋው ታኒን መበስበስን ያዘገያል።

እሪ በከንቱ፦ ቆሮሶ ካነሳን፣ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም?

ስታዲየም፦ ይበላል፣ ሁሉም ይበላል።

ጃንሜዳ፦ ሁሉም ስለበላ ነው ጾም የሚሆነው?

መርካቶ፦ እኛ ቤት አይበላም። ጨርሶ!

መልስ፦ የንስሐ አባት ያላችሁ እሳቸውን ጠይቁ። እኔ ክር ነው የምገምደው።

ሰንጋ ተራ፦ እሺ አሟልቼ ልጠይቅ። ለቆሮሶ፣ በዘንግ። የበገና አውታር ይሆናል?

መልስ፦ አየህ፣ ስታሟላ እንዴት ያምራል። የበገና አውታር የበግ አንጀት ነው። ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ እርጥብ እያለ ተጠምዝዞ፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ሲደርቅ ጠንካራ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ግን ያብጥና ይለሰልሳል። ክሩን በሙሉ ከአንጀት አትሥራ። መንጠቆው ጋ ክንድ የምታህል ቁራጭ ይበቃሃል። ስትቋጥር አርሰህ ቋጥር፣ ደረቅ አንጀት ቋጠሮው ላይ ይሰነጠቃል።

ካዛንቺስ፦ ከሐር ትል ሆድ በቀጥታ ክር ይወጣል የሚሉትስ?

መልስ፦ እውነት ነው። ሊፈትል የደረሰውን ትል ሆምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው የሐር ዕጢውን ይስቡት ነበር፤ ስፔን ውስጥ ሙርሲያ በዚህ የታወቀች ነበረች። እኔ አልሠራውም። ትሉ ያሳዝነኛል።

አራት ኪሎ፦ የሠራሁትን ቀበና ወንዝ ላይ ልሞክረው?

መልስ፦ ለሙከራ ባልዲ ይበቃሃል። ከዚያ ውሃ የወጣ ነገር ግን አትብላ።

ሜክሲኮ፦ ጭራው ስንት ኪሎ ይይዛል ያሉት?

መልስ፦ አላልኩም። ወደ ላይ ተመለስና አንብብ።

ካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ ሱቅዎ ያለውን ጭራ ይሸጡልኛል?

መልስ፦ አልሸጥም፣ የመሰንቆ ነው። ስለይ የምጥላቸው አጫጭሮች ግን አሉ። ለልምምድ ይሆኑሃል፣ መጥተህ ውሰድ። ከሰዓት በኋላ ና፣ ጠዋት ደንበኛ ይበዛብኛል።