ቫይረሱ ተገኘብኝ፣ ቁስሉ ላይ እሬት ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የማህፀን በር ምርመራ ሳደርግ ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ ተገኘብኝ፤ ቅድመ ካንሰር ነው ብለው ቦታውን በሙቀት አከሙልኝ። አሁን አሥረኛ ቀኔ ነው፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ቫይረስ ካንሰር ያመጣል ይላል፣ ሌላው ቫይረስ ካንሰርን ይገድላል ይላል። የቱን ልመን? እሬት ቁስል ቶሎ ያድናል ስለሚባልስ በጥጥ ነክሬ ከውስጥ ባደርገው ችግር አለው?

መልስ፦ ከእሬቱ ልጀምር፣ ዛሬ ማታ ሊያደርጉት ስለሚችሉ። እባክዎ ይተዉት።

በሙቀት የታከመ የማህፀን በር እስኪድን ድረስ ለጥቂት ሳምንታት ውሃማ ፈሳሽ ማውጣቱ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ፣ ማለትም ለአራት ሳምንት ያህል፣ ወደ ውስጥ ምንም ነገር ባይገባ ይመረጣል፤ ግንኙነትም፣ ታምፖንም፣ በውሃ ማጠብም። ከቅጠል ተጨምቆ የመጣ ፈሳሽ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል፣ ጥጡም ውስጥ ሊቀር ይችላል።

እፅዋትን ንቄ አይደለም። ከበርች ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ጄል አለ፤ ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ ለሚላጥ ሕሙማን ቁስል እንዲያገለግል አውሮፓ በ2022፣ አሜሪካ በ2023 ፈቅደውታል። የሚገርመው ደግሞ ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የወጣ ቅባት በኤች ፒ ቪ ለሚመጣ የብልት ኪንታሮት ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። «ታዲያ!» እንዳይሉኝ፣ የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ ለውጪው ቆዳ ብቻ ነው፣ ማህፀን በር ላይም ሆነ ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም ይላል። ተጣርቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ የጸደቀው እንኳ ቦታ አለው። የእርድ ኩርኩሚን በላብራቶሪ ሳህን ላይ ህዋሳትን ሲለውጥ ታይቶ ይሆናል፤ ከሳህኑ እስከ እርስዎ ማህፀን በር ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፣ አብዛኛውም ነገር መሀል ላይ ይቀራል።

ወደ ቫይረሱ ስንመጣ፣ ያነበቡት ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ቫይረስ ነው። ኤች ፒ ቪ የማህፀን በር ካንሰር ዋና መንስኤ መሆኑን ያሳዩት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 ኖቤል ተሸልመውበታል። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ይሠራል፤ እነዚህ የህዋሱን መከላከያ ፕሮቲኖች ሥራ ያስፈታሉ፣ ህዋሱም መቆም ሲገባው መባዛቱን ይቀጥላል። 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ተጠያቂ ናቸው። ግን ቫይረስ ተገኘ ማለት ካንሰር ያዘ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው ላይ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ከቆየም ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፣ ኤች አይ ቪ ኖሮበት ሕክምና ያልጀመረ ሰው ላይ ግን ይፈጥናል። የእርስዎ ገና ቅድመ ካንሰር ሳለ ታከመ። ምርመራው የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።

ካንሰር ይገድላል የተባለው ሌላ ነው። የአፍ ዙሪያ ቁስል የሚያመጣውን የሄርፒስ ቫይረስ ዘረመሉን ለውጠው ዕጢው ውስጥ በመርፌ የሚሰጡት ሕክምና ነው፤ በ2015 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው። ቫይረሱ በካንሰር ህዋስ ውስጥ ይባዛል፣ ህዋሱን ያፈነዳል፣ የሰውነት መከላከያንም ይቀሰቅሳል። እርስዎ ካንሰር ስለሌለብዎ ይህ ሕክምና አይመለከትዎትም፤ ኤች ፒ ቪን ለማጥፋትም አይሰጥም።

አሁን የሚጠብቅዎት ነገር ቀላል ነው። ደሙ ከወር አበባዎ ከበዛ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ትኩሳት ወይም ጠንከር ያለ የሆድ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ፣ ክትትልዎ በሱ ይወሰናል። ከዚያ በ12 ወርዎ የኤች ፒ ቪ ምርመራውን ይድገሙ፤ ደህና ነኝ ብለው እንዳያልፉት፣ ቅድመ ካንሰር ተመልሶ ቢመጣም ምንም ላይሰማዎት ይችላል።