አሮጌ አውቶማቲክ በብርድ ጠዋት፦ ቆሞ ማሞቅ ወይስ እየነዱ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ከሥሩ የተሰጡትን መልሶችም አየሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. የተሠራች አውቶማቲክ መኪና አለችህ። ጠዋት ብርዱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይ ስታደርጋት ትንሽ ትዘገይና ጧ ብላ ትገባለች፤ መንገድ ከወጣች በኋላም ማርሽ ለመቀየር ትለግማለች። አንዱ «ሃያ ደቂቃ አሙቃት» ይልሃል፣ ሌላው «አስነስተህ ወዲያው ንዳት» ይልሃል። የቱን ልስማ ነው ያልከው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን አሮጌ አውቶማቲክ መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በገዛ እጄ ገድያለሁ፣ አንዱን ደግሞ ያለ ጥፋቱ ሊፈታ ሲል አስጥያለሁ። ሁለቱም የሆኑት በብርድ ወራት ስለሆነ መልሴ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

መልሱን ላስቀድመው፤ ሁለቱንም አትስማ። አስነሳት፣ መስታወቱን አጽዳ፣ ዙሯ እስኪረጋ ጠብቅ። ይህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ውጣ፤ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃዎች ከኋላ ወንበር ላይ ሕፃን እንደተኛብህ አድርገህ ንዳ።

ሃያ ደቂቃ የሚሉህ ሰዎች ያልገባቸው ነገር አለ። ቆሞ ማሞቅ የሚያሞቀው ሞተሩን ነው፤ እሱንም እያንቀራፈፈ። ሞተር ያለ ጭነት በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር የሚያቃጥለው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ የሚሰጠውም ሙቀት ትንሽ ነው። ካምቢዮው ደግሞ ፒ (መቆሚያው) ላይ እያለ ሥራ የለበትም። ፓምፑ ይዞራል፣ ዘይቱም ይንቀሳቀሳል፤ ግን ዘይቱን በደንብ የሚያሞቀው ቶርክ ኮንቨርተሩ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር ማለት ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ማራገቢያዎች ዘይት ውስጥ እንደተነከሩ አድርገህ አስበው። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ ሌላውን ከመጀመሪያው የሚወረወረው ዘይት ያዞረዋል። መኪናዋ ልትነሳ ስትል አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ወደኋላ ይቀራል፤ በመካከል ያለው ዘይት ይታሻል፣ በመታሸቱም ይሞቃል። ፒ ላይ ግን ሁለቱ አብረው ስለሚዞሩ የሚታሽ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ ቆመህ የሙቀት መርፌው መሃል ሲደርስ «ሞቀች» ትላለህ፤ የሞቀው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። የሞተሩ ዘይት እንኳ ከውሃው ኋላ ነው የሚመጣው፣ የካምቢዮው ዘይት ደግሞ ከሁሉም በኋላ።

በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት በራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ማቀዝቀዣ በኩል ያልፋል። ስሟ ማቀዝቀዣ ይሁን እንጂ በብርድ ጊዜ ዘይቱን የምታሞቀውም እሷ ናት። ግን ሙቁ ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው እስኪሞቅ መንገዱን የምትዘጋው ትንሽ በር፣ ሲከፈት ነው፤ ያ ደግሞ ባብዛኛው 82 ወይም 88 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ነው። ይህችን ቴርሞስታት ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቆሞ ብዙ ማሞቅ ጉዳትም አለው። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ አብዝቶ ይወስዳል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ውሃውም አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል፤ ጠዋት ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ማርሚታው በደንብ ሳይሞቅ ካጠፋሃት ውሃው እዚያው ይቀርና ከውስጥ ያዝገዋል።

ጧ ብላ ወደ መግባቷ እንምጣ። ነገ ጠዋት ቁልፉን ስታዞር ዓይንህን ዙር ቆጣሪው ላይ አድርግ። መርፌው በደቂቃ ወደ 1500 ዙር ይወጣል፤ አንዳንዷ ከዚያም ታልፋለች። ብልሽት አይደለም፤ ሞተሩ መቀዝቀዙን ሴንሰሩ ስለሚናገር ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ሚኒሞውን ከፍ ያደርገዋል። እየሞቀ ሲሄድ ዙሩ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። አንተ በ1500 ዲ ስታስገባ በዚያ ፍጥነት የሚዞረውን ነገር ከቆመ ነገር ጋር በአንድ ጊዜ ታጋጨዋለህ፤ ዘይቱም ወፍራም ነው፣ ጧ ማለቱ አይቀርም። ዙሩ ወደ 1000 ግድም እስኪወርድ ጠብቀህ፣ ፍሬኑን በደንብ ረግጠህ አስገባው። ከዚያ ወዲያው ነዳጅ አትርገጥ፤ መኪናዋ ወደፊት ልሂድ ስትል በፍሬኑ በኩል እግርህ ይሰማዋል፣ ያን ጊዜ ልቀቃት። ይህ ብቻ ጧ ማለቷን ግማሽ ያህል ይቀንስልሃል ባይ ነኝ።

አንድ መልስ ላይ «ዲ አስገብተህ ፍሬን ይዘህ ነዳጅ ስጣት፣ ቶሎ ትሞቃለች» የሚል አይቻለሁ። ትሞቃለች፣ አዎ። ዘይቱን በሰከንዶች ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። በጭራሽ አታድርገው።

አሁን ማርሽ ለመቀየር መለገሟ። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ዙሩ ከፍ ካለ በኋላ ብትቀይር፣ የመጨረሻውን ማርሽ ማለትም ኦቨርድራይቩን ብትከለክልህ፣ ባብዛኛው እንዲህ እንድትሆን ነው የተሠራችው። በዚያ ዘመን የነበሩ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ካምቢዮዎች ውሃው የተወሰነ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ኦቨርድራይቭ አይሰጡም፤ ሁለቱን ማራገቢያዎች አንድ ላይ የሚያስረውን የቶርክ ኮንቨርተሩንም መቆለፊያ አይዘጉም። ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ነው። መጨነቅ ያለብህ ሞቃም እንደዚያው ከሆነች ነው።

እኔን የደረሰብኝ ይህ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ መኪናዬ የመጨረሻውን፣ አራተኛውን ማርሽ አልገባ አለችኝ። ረጅም መንገድ ላይ ዙሩ 3000 ላይ ይቆማል፣ ነዳጁ እንደ ውሃ ይሄዳል። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ሰውዬው አንድ ዙር ነድቶ መጣና «ካምቢዮው ተበልቷል፣ ይውረድ» አለኝ። ልስማማ ስል እዚያው ቆሞ የራሱን መኪና የሚያሠራ አንድ አዛውንት ሾፌር «ልጄ፣ ማሞቂያው ይሠራልሃል?» አለኝ። ገረመኝ፤ ስለ ካምቢዮ እየተነጋገርን ስለ ማሞቂያ ይጠይቀኛል። ግን እውነቱን ነበር፤ ማሞቂያው ከለብታ አልፎ አያውቅም፣ የሙቀት መርፌውም ከታችኛው መስመር አንድ ጣት ከፍ አይልም ነበር። እኔ «እንኳን አልጋለች» ብዬ ነው የተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት እንዳስነሳኋት ኮፈኑን ከፍቼ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ በእጄ ያዝኩት። ቴርሞስታቱ ደህና ቢሆን ጎማው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ሲከፈት ድንገት ይግላል። የእኔ ግን በሦስተኛው ደቂቃ መለብ ጀመረ፤ እየለበ ቀረ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ደርቋል። ውሃው ከመጀመሪያው ጀምሮ በራዲያተሩ እየዞረ ሲቀዘቅዝ ይውላል፣ ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀችም» እያለ አራተኛውን ይከለክላል። የቡና ሲኒ የማታክል ዕቃ ተቀየረች፤ በዚያው ቀን ማታ አራተኛው ገባ። ካምቢዮው ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሄዷል። ስለዚህ ያንተዋ በሃያ ደቂቃ መንዳት ውስጥ መርፌዋ መሃል ካልደረሰች፣ ካምቢዮ ከማስፈታትህ በፊት እዚህ ጋ ጀምር።

የገደልኩት ካምቢዮ ታሪክ አጭር ነው። ዲ ሳስገባ መጀመሪያ ሁለት ሰከንድ ይዘገይ ነበር፤ ብርዱ ሲብስ አራት አምስት ሰከንድ ሆነ። «ብርዱ ነው» እያልኩ፣ ሲዘገይብኝ ነዳጅ እየሰጠሁ በግድ አስገባው ነበር። ዘይቱ ጎድሎ ኖሯል። ማታ ላይ ከኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት በከፊል ወደ ታች ስለሚወርድ ጠዋት ትንሽ መዘግየት በአሮጌ መኪና ያጋጥማል፤ የጎማ ማሸጊያዎቹም በብርድ ይደርቃሉ። ዘይት ሲጎድልና ነዳጅ ሲጨመርበት ግን ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙት ሸራዎች (የፍሪሲዮን ዲስኮች) ሳይያዙ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣው ዘይቱ ቡና መስሏል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ያኔ መጨመር ምንም አልረዳኝም።

አንተ ገና ጊዜ አለህ። የካምቢዮ ዘይት ባብዛኛው የሚለካው መኪናዋ በደንብ ተነድታ ከሞቀች በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፒ ላይ ነው። ባብዛኛው ያልኩት ሞተር አጥፍቶ ወይም ኤን ላይ አድርጎ የሚለካም ስላለ ነው፤ ማንዋልህን እየው። ቀዝቃዛ ሆና ለክተህ የሙቁን ምልክት እንድትደርስ ብትሞላት ስትሞቅ ዘይቱ ያብጥና ከመጠን ያልፋል፤ እሱም አረፋ ሠርቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በነጭ ጨርቅ ጥረገው፤ ቀይና ንጹሕ ከሆነ ደስ ይበልህ።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። የሞተር ዘይትህ ላይ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርዱ ነው፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። አርጅታለች ብለህ 20ደብሊው-50 ሞልተህ ከሆነ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) የሚያቃስተው ለዚያም ሊሆን ይችላል፤ ማንዋሉ ከፈቀደ 10ደብሊው-40 ወይም 5ደብሊው-30 ሌላ መኪና ያደርጋታል። ባትሪም በብርድ ይደክማል። መኪናዋ ካርቡሬተር ያላት ብትሆን ኖሮ ቾኩን ስቦ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ግድ ነበር፤ ያንተዋ ግን በ1998 የተሠራች ስለሆነች ኢንጄክሽን መሆኗ አይቀርም፣ እሱን እርሳው።

ዳገት ላይ የምታቆም ከሆነ መጀመሪያ ኤን (ነፃው ማርሽ)፣ ቀጥሎ የእጅ ፍሬን፣ የእግር ፍሬኑን ለቀቅ አድርገህ መቆሟን እይ፣ በመጨረሻ ፒ። አለዚያ ክብደቷ በሙሉ ፒ የምትይዘው ትንሽ ብረት ላይ ያርፋል፤ ጠዋት ከፒ ስታወጣት የምትሰማው ቋታ እሱ ነው፣ ከብርዱ ጋር አታምታታው። ጎማው ረጥቦ ብርዱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ከሆነ ግን ሜዳ ላይ አቁማትና የእጅ ፍሬኑን ተወው፤ በረዶ ይዞት ጠዋት አልለቅ ሊልህ ይችላል።

በር በተዘጋ ቤት ውስጥ አስነስተህ አታሙቅ፤ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማይሸት ጋዝ ነው፣ ሳታውቀው ይወስድሃል። በረዶ ከጣለም የማርሚታው አፍ አለመዘጋቱን እይ።

ነገ ጠዋት ሁለት ነገር ቆጥረህ ጻፍልን፦ ዙሩ 1000 ላይ እያለ ዲ ስታስገባ ስንት ሰከንድ ትዘገያለች፣ መርፌዋስ መሃል ለመድረስ ስንት ደቂቃ እየነዳህ ይወስዳል። የዘይቱንም ፎቶ በነጭ ጨርቅ ላይ አንሳና ለጥፈው።