መልስ፦ የፓርቲ አንድነትን በራይስ ቀመር ብቻ መለካት ይበቃል ወይ?

አይበቃም። የራይስ ቀመር የአንድ ፓርቲ አባላት በምክር ቤት ድምፅ ሲሰጡ ምን ያህል አንድ ላይ እንደሚቆሙ ከ0 እስከ 1 ይለካል። በድጋፍና በተቃውሞ መካከል ያለውን ልዩነት ለሁለቱ ድምር ያካፍላል፤ 40 ደግፈው 10 ቢቃወሙ 0.6 ይወጣል። ሌሎች 50 የፓርቲው አባላት ድምፀ ተዓቅቦ ቢያደርጉም ውጤቱ ያው 0.6 ነው። ግማሹ ፓርቲ ከስሌቱ ወጣ ማለት ነው! ስለዚህ ተዓቅቦን እንደ ሦስተኛ ምርጫ የሚቆጥር መለኪያም ጎን ለጎን ያስሉ።

ከቀመሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መረጃው ነው። በብዙ ምክር ቤቶች ድምፅ በስም የሚመዘገበው አንድ ቡድን ሲጠይቅ ብቻ ነው። ጠያቂው የራሱን አባላት ለመቆጣጠር ወይም ተቀናቃኙን ለማጋለጥ ፈልጎ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ያጋድላል። ማን እንደጠየቀ ለየድምፁ ይመዝግቡ። ከሞላ ጎደል በሙሉ ድምፅ የጸደቁትንም ለብቻ ያስሉ፤ አማካዩን ያለአግባብ ከፍ ያደርጉታል።