ከዓሣ የስኳር መድኃኒት ይገኛል እንዴ?

መልእክትሽ ደርሶኛል። ለማስተርስ ሁለት ላብራቶሪ ተቀብሎሻል፣ ሁለቱም የስኳር በሽታን ያጠናሉ፣ አንዱ በአይጥ ሌላው ዜብራፊሽ በሚባል ባለ መስመር ትንሽ ዓሣ። ልብሽ ያለው ዓሣው ጋ ነው። ግን ጓደኞችሽ ሳቁብሽ፣ አንቺም «ኋላ ሥራ ባጣስ?» ብለሽ ፈራሽ።

መጀመሪያ ለሚስቁት። የዚህ ዓሣ ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃው) በ2013 (በፈረንጆቹ) ሲታተም 70 በመቶ የሚሆኑት የሰው ጂኖች ቢያንስ አንድ አቻ እዚያ እንዳላቸው ታየ። ቆሽት አለው፣ ጉበት አለው፣ ኢንሱሊን ያመርታል፣ ከልክ በላይ ካበሉት ይወፍራል። ጽንሱ ከእናቱ ውጭ ስለሚያድግና እንደ መስታወት ስለሚያሳይ፣ ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሴሎች እንዲያበሩ ከተደረገ ሆዱን ሳትከፍቺ በሕይወት እያለ በማይክሮስኮፕ ትቆጥሪያቸዋለሽ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከባክቴሪያ የተወሰደ አንድ ኢንዛይም ቤታ ሴሎቹ ውስጥ ብቻ እንዲመረት ይደረግና ውሃው ላይ ሜትሮኒዳዞል ይጨመራል (አዎ፣ ያው ለአሜባ የሚታዘዘው)። ኢንዛይሙ መድኃኒቱን መርዝ ያደርገዋል። ሴሎቹ ይሞታሉ፣ የደሙ ስኳር ከፍ ይላል። መድኃኒቱ ታጥቦ ሲወጣ ግን ትንሹ ዓሣ በቀናት ውስጥ አዲስ ቤታ ሴል መሥራት ይጀምራል! የእኛ ቆሽት እንዲህ አይችልበትም። ለምን? እዚያ ላብራቶሪ ከገባሽ እንጀራሽ ይህ ጥያቄ ነው።

አይጥ ይሻላል የሚሉሽም ዝም ብለው አይደለም። የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው፤ እኛና አይጥ ሙቀት ለማመንጨት የምናቃጥለው ቡናማ ስብ የለውም። የሚስብሽ ሰውነት ኃይል እንዴት እንደሚያቃጥል ከሆነ አይጡ ጋ ሂጂ።

ስለ ሥራው ብዙ አትጨነቂ። ቀጣሪ «ዓሣ ስንት ዓመት አረባሽ?» አይልሽም። ክሪስፐር (ጂን ቆርጦ የመለወጫ ዘዴ) ትችያለሽ ወይ፣ የማይክሮስኮፕ ምስል በኮድ ትተነትኛለሽ ወይ፣ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት (የላብራቶሪ ሳህን) ላይ ጽንስ ደርድረሽ በአንዴ ብዙ መድኃኒት ፈትሸሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው የሚልሽ። ሲቪሽ ላይ ከዓሣው ስም በፊት እነዚህ ይቅደሙ።

ከመወሰንሽ በፊት ግን አንድ ቀን ዓሣ ክፍሉን ልይ በያቸው፤ ጠዋት ይሁን፣ እንቁላል የሚጥሉት መብራት ሲበራ ነው። ክፍሉ ይወብቃል፣ ውሃው 28 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሁሉም አይወደውም። ደግሞ ዓሣ ቅዳሜና እሁድም ይበላል። ማን እንደሚያበላቸው ጠይቂ። «ተማሪዎቹ በተራ» ካሉሽ፣ ተማሪዎቹ ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ።